ያልተቋጨው ሸማ

ንጉሥ አስገምር በነገሡ በአሥራ ሁለተኛው ዓመት፣ የሸማራ ሕዝብ በዓለ ሲመታቸውን ሊያከብር በአደባባይ በተሰበሰበበት ዕለት፣ የጤፍ ቅንጣት የምታህል አንዲት ቀዳዳ ታየች። የታየችውም በሌላ ላይ አይደለም፤ በምድረ ጃኖው ላይ ነበር።

ምድረ ጃኖ የሸማራ ነገሥታት በዓመት አንድ ቀን ብቻ የሚደርቡት ታላቅ ሸማ ነው። የመጀመሪያዪቱ ሸማኔ እቴ ማግዳ ሸመነችው ይባላል። የሀገሪቱ ወንዝና ተራራ፣ ገበያና መንደር ሁሉ በየቀለሙ በጥለቱ ውስጥ አለ። ሽማግሌዎች «ጃኖው ሙሉ እስከሆነ ድረስ ሸማራ ሙሉ ናት» ሲሉ ኖረዋል፤ እንዲህ ያለውን ነገር ደግሞ ሰው ሁሉ ይደግመዋል እንጂ ከልቡ የሚያምነው ጥቂት ነው። ጃኖውን የሚያጥፈው ባለሟልም ቀዳዳዋን ሲያይ «ብል ነው፣ ምን ይደረግ» አለና እጥፋቱን አዙሮ ሸፈናት።

በሦስተኛው ቀን ከጉልባን አንድ ነጋዴ በበቅሎ እየጋለበ መጣ። ጉልባን ቀዳዳዋ ባረፈችበት ጥለት ላይ የተሸመነች መንደር ናት። ነጋዴው እንደተናገረው የጉልባን ሰዎች አልሞቱም። ይበላሉ፣ ይጠጣሉ፣ ይተነፍሳሉ። ነገር ግን ማንም ማንንም አያውቅም። እናት የወለደችውን ልጅ «አንተ የማን ነህ?» ትለዋለች፤ ባልና ሚስት እንደ ገበያ መንገደኛ ጎን ለጎን ተቀምጠው ዝም ይላሉ። ልብሳቸው፣ የቤታቸው ግድግዳ፣ የከብቶቻቸው ቆዳ ሳይቀር ቀለሙ ተገፎ አመድ ሆኗል። ነጋዴው ይህን ሁሉ ተናግሮ ሲያበቃ ጸሐፊው ስሙን ጠየቀው። ሰውዬው ብዙ አሰበ፤ ከዚያ አለቀሰ።

በሁለት ወር ውስጥ ቀዳዳዎቹ አሥራ አንድ ሆኑ፣ አሥራ አንድ መንደርም እንደ ጉልባን ሆነ። ከዚያ ወዲያ በሸማራ ምድር ልቡን ጥሎ የሚውል ሰው ጠፋ። ጎረቤት ጎረቤቱን በማለዳ እየጠራ ስሙን ይጠይቀዋል፤ እናቶች የልጆቻቸውን ስም በከሰል በር ላይ ጻፉ። በቀትር ፀሐይ ላይ ሰፊ ክንፍ ሲያልፍ ያዩ ነበሩ ይባላል። ክንፉ ካለፈ በኋላ ነጭ ትቢያ ይዘንባል፤ ያ ትቢያ የነካው ሰው መጀመሪያ የሚረሳው የሚወደውን ሰው ነው።

በመናገሻይቱ በቤተ ሸማ ውስጥ ሠላሳ ሸማኔዎች ነበሩ። ከሠላሳው የመጨረሻዋ፣ በሩ አጠገብ ባለው ጉድጓድ እግሯን ሰድዳ የምትሸምነው፣ አመልማል ትባላለች። ስሙን ያወጣችላት እናቷ ናት፤ ተወልዳ በእጇ ሲያስታቅፏት ለመፈተል የተጠቀለለ ጥጥ መስላት አመልማሎ አለቻት፤ በዚያው ቀረባት። ባልደረቦቿ ታዲያ «አመልማል፣ የምትፈተዪው መቼ ነው?» እያሉ ያሾፉባታል። ለማሾፍም ምክንያት አላቸው። አመልማል ለእናቷ አንድ ነጠላ መሸመን ከጀመረች ሰባት ዓመት ሞላት፤ እስካሁን አልጨረሰችም።

ችሎታ አጥሯት አይደለም። አንጋፋዎቹ ሸማኔዎች እንኳ ጥለት ሲያስቸግራቸው ወደ እሷ ጉድጓድ ጎንበስ ብለው «እስቲ እዪልኝ» ይላሉ። የትኛው ቀይ ከቢጫ ጋር እንደሚጣላ፣ በመሐል ምን ቢገባ እንደሚታረቁ ከሩቅ ታውቃለች። ለራሷ ሲሆን ግን ጉድ ነው። ጠዋት አንድ ስንዝር ትሸምናለች፤ ቀትር ላይ ከጉድጓዱ ወጥታ ቆማ ታየዋለች፤ ከሰዓት ትፈታዋለች። የወይራው ቅጠል ጫፉ ደንዝዟል፤ ቀዩ እናቷ ደጅ የሚሰጣውን በርበሬ አልመሰለም፤ ጠርዙ አንድ ክር ጎድሎታል። «ገና ነው» ትላለች። ሰባት ዓመት ሙሉ፣ ገና ነው።

እውነቱን እንናገር ካልን አመልማል ፈሪ ናት። በሸማራ ሸማ አለቀ የሚባለው ከድሩ ተቆርጦ፣ የጫፉ ክር እየተጠመዘዘ ሲቋጭ ነው። የተቋጨ ሸማ ደግሞ ይታያል፣ ይለበሳል፣ ይተቻል። ሌላውን ሰው ተወው፤ እሷን የሚያስፈራት እናቷ ነጠላውን ተቀብላ፣ ዘርግታ፣ አገላብጣ ፊቷ ሳይፈታ መቅረቱ ነው። ያችን አንዲት ደቂቃ ፈርታ ወጣትነቷን በጉድጓድ ውስጥ አሳለፈችው።

አሥራ ሁለተኛዋ ቀዳዳ ገና አልተበሳችም ነበር። ንጉሡ ሸማኔዎቹን ሁሉ አስጠርተው ጃኖውን በፊታቸው ሲያስዘረጉ ግን አመልማል በምሥራቁ ጥለት ጠርዝ ላይ ክሩ ሳስቶ ብርሃን ሲያሳልፍ አየች። ቦታውን አልሳተችውም። ወይራምባ ነው፤ እናቷ ዳሳሽ ብቻዋን የምትኖርበት መንደር።

የሸማኔዎቹ አለቃ እመት ዘርፌ ያን ዕለት በዙፋኑ ፊት ተንበርክከው የቤተ ሸማን ምስጢር አወጡ። ምድረ ጃኖው አልተቋጨም። እቴ ማግዳ ሀገሪቱን ሁሉ ሸምና ጫፉ ላይ ስትደርስ እጇ አልታዘዝ አላት፤ ይህ ወንዝ ቢታረም፣ ያ ተራራ ትንሽ ከፍ ቢል እያለች «ገና ነው» ስትል ሞት ቀደማት። ተከታዮቿ አፈሩና የተከፈተውን ጫፍ አጥፈው ሰፍተው ዝም አሉ። ብል ደግሞ የተቋጨ ሸማ አትነካም፤ የምትበላው ክሩ ተከፍቶ የቀረውን ነው። በዚያች ጫፍ ገብታ የሸማራን ትዝታ እየበላች ዘመናት አደገች፤ ዛሬ ክንፏ ፀሐይ ይጋርዳል። ጎጆዋንም የሠራችው በምሥራቁ ገደል፣ እቴ ማግዳ በሸመነችበት በዚያው አዳራሽ ውስጥ ነው።

መላው አንድ ብቻ ነበር። ለሚወዱት ሰው ተጀምሮ ገና ከሸማኔው እጅ ያልወጣ ሸማ ወደ አዳራሹ ይወሰድ። ብሊቱ እንዲህ ያለውን ክር ከሩቅ ታሸታለች፣ ትመጣለች። ሸማኔዋ ፊቷ ላይ ሸምና ትጨርሰው፤ ከድሩ ቆርጣ ትጣልባት፤ ብሊቱ ከሥሩ ሳለችም ትቋጨው። ከተቋጨ በኋላ መውጫ የላትም። እመት ዘርፌ ይህን ሲናገሩ ሃያ ዘጠኙ ሸማኔዎች እርስ በርሳቸው ተያዩ። የእነሱ ሥራ ሁሉ ተቋጭቶ ከእጃቸው ወጥቷል። ከዚያ ሃያ ዘጠኙም ዞረው አመልማልን አዩዋት።

ንጉሡ ከዙፋናቸው ወርደው በፊቷ ቆሙ።

«የሸማራ ልጅ ሆይ» አሉ፣ «ጦር ብልክ ጦሩ ስሙን ረስቶ ይመለሳል፤ ሰይፍ ብመዝ ትቢያን የሚቆርጥ ሰይፍ የለኝም። ያለኝ አንቺ ብቻ ነሽ። ነገር ግን በአባቶቼ ዙፋን እምልልሻለሁ፤ ግድ አልልሽም። እምቢ ብትዪም በዚህ ምድር ላይ ማንም ጣቱን አይቀስርብሽም።»

አመልማል ወለሉ ላይ ተንበርክካ መለሰች።

«ንጉሥ ሆይ፣ እኔ ፈሪ ነኝ። ቤተ ሸማ በሙሉ ያውቃል። ግን ፈሪ ለእናቱ ይባል የለ? እኔም የምሄደው ለእናቴ ነው።»

ሌላ ጊዜ ቢሆን ኖሮ አዳራሹ በሳቅ ይፈርስ ነበር። ያን ቀን የሳቀ የለም። በደንቡ መሠረት መወርወሪያዋን በሁለት እጇ ይዛ ማለች፤ ሳላደርስ ብመለስ ድሬ ይበጠስ፣ ማጌ ይለቅ፣ ስሜን የሚጠራ አይኑር አለች።

ልትወጣ ስትል እመት ዘርፌ ወደ ጎን ወሰዷት። ሸማኔ የመጨረሻዋን ቋጠሮ ስታስር «ከእጄ ወጥቷል» ትላለች፤ ይህ ያልተባለበት ሸማ በሸማራ አይለበስም። እዚያ አዳራሽ ውስጥ ግን ቃሉ ልማድ ብቻ እንዳልሆነ ነገሯት። በሸማው ውስጥ የሸመነችው ሁሉ ከእጇ ብቻ ሳይሆን ከልቧም ይወጣል። ብሊቱ ነጥቃ የበላችው ትዝታ እሷ ስትታሰር ወደ ባለቤቱ ይመለሳል፤ ሰው ወድዶ በእጁ የሰጠው ግን አይመለስም።

አመልማል በነጠላው ውስጥ ምን እንዳለ አሰበች። የበርበሬው ቀይ፣ የደጃፉ ወይራ፣ የእናቷ አካሄድ፣ እናቷ ስትቆጣ የምታነሳው የግራ ቅንድብ። ሌላ ነገር የለበትም። ሰባት ዓመት የሸመነችው እናቷን ነው።

«እሷስ ታውቀኛለች?» ብላ ጠየቀች።

«እሷ ታውቅሻለች፣ ልጄ» አሉና እመት ዘርፌ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

አብረዋት የሚሄዱት ሁለት ነበሩ። አንደኛው ጎንጤ የሚባል ጦረኛ ነው፤ ይህ ሰው ሲጋልብም ሲበላም ይፎክራል፤ ጫማውን ሲያስር እንኳ የአባቱንና የአያቱን ስም ጠርቶ ነው የሚያስረው። ሁለተኛዋ ሽታዬ ናት፤ የቤተ ሸማ ፈታይ፣ እየተራመደች የምትፈትል፣ ምላሷ ከእንዝርቷ የሚፈጥን ሴት። የሽመናውን እንጨትና የተጠቀለለውን ነጠላ በበቅሎ ጭነው ሦስት ቀን ተጓዙ። ጎንጤ ሲፎክር ሽታዬ «ብሊቱ በጩኸት የምትሞት ቢሆን ኖሮ እስካሁን ቀብረናት ነበር» ትለዋለች፤ እሱ ይስቃል። አመልማል ግን አልሳቀችም። መንገዱ የሚያልፈው በወይራምባ ነው።

ዳሳሽ ደጅ በርበሬ ስታሰጣ ደረሱ። ልጇን አቅፋ ከሳመች በኋላ የመጀመሪያ ጥያቄዋ የታወቀ ነው፤ ነጠላዬስ አለች። አመልማል አላለቀም ብላ አንገቷን ደፋች።

«እንግዲያው መገነዣ ይሆነኛላ» አለችና ዳሳሽ በራሷ ቀልድ ሳቀች። ሽታዬም ሳቀች፤ ሁለቱ ሴቶች ወዲያው ተግባቡ።

ጠላ ቀዳችላቸው። ለጎንጤ ሰጠች፣ ለሽታዬ ሰጠች። ሦስተኛውን ዋንጫ ይዛ ወደ አመልማል ስትዞር ግን መሐል ላይ ቆመች። ዋንጫውን እንደያዘች አየቻት፤ እያየቻት ቆየች። ከዚያ ወደ ሽታዬ ዞራ በትሕትና ጠየቀች።

«ይህችኛዋ እንግዳሽ፣ ስሟን ማን አልሽኝ?»

አመልማል ነፍሷ ወጥታ የተመለሰች መሰላት። ዳሳሽ ዓይኗን ጨፈን ከፈት አደረገችና ግንባሯን ነካች። «ምን ሆኜ ነው፣ ፀሐይ መታኝ መሰለኝ» አለች፤ ዋንጫውን ለልጇ ስትሰጥ ግን ስሟን ደጋግማ ጠራች። ነገሩ ለእሷም ገብቷታል።

አመልማል «አንቺ፣ ግቢና ጋደም በይ» ብላ ደግፋ አስገባቻት፣ ጋቢ አለበሰቻት፣ እግሯን ዳበሰችላት። ሌላ ምን ትበል? ደህና ሁኚ ብትል ማልቀሷ ነው፤ ሳትሰናበታት ወጣች። በደጁ ላይ የተሰጣው በርበሬ ግማሹ አመድ መስሎ ነበር። ያን ጊዜ በቅሎዋን ራሷ ሳበች፤ ሌሎቹ ሮጠው ደረሱባት።

ከወይራምባ ወዲያ ያለው ምድር ቀለም የለውም። ሣሩ አመድ፣ ወንዙ አመድ፣ ሰማዩም እንዲሁ። ወፍ አለ፤ አይዘምርም። መንገድ ዳር ሰዎች ተቀምጠዋል፤ አንዲት ወጣት ሴት ከመሐላቸው ተነስታ ወደ ሦስቱ መንገደኞች በየተራ እየቀረበች «እኔን ታውቂኛለሽ? እኔን ታውቀኛለህ?» አለቻቸው። አናውቅሽም ሲሏት አመስግና ተመለሰች፤ ጥቂት ቆይታም እንደ አዲስ መጥታ ያንኑ ጠየቀቻቸው። ጎንጤ ከዚያ በኋላ አልፎከረም። ሽታዬ የጎንጤን ስም፣ ጎንጤ የአመልማልን፣ አመልማል የሽታዬን በየእርምጃው ይጠሩ ጀመር። አንዳቸው ለመጥራት ዘግየት ካለ ሌሎቹ ቆመው ያስጠሩት ነበር።

አዳራሹ ከገደሉ ጫፍ ላይ ቆሟል። ጣሪያው ግማሹ ስለፈረሰ የገረጣ ፀሐይ ይገባበታል። ከምሰሶ እስከ ምሰሶ፣ ከወለል እስከ ሰማይ፣ በዓለም ላይ ተጀምሮ ያልተጨረሰ ሸማ ሁሉ እዚያ ተሰቅሏል። ክንፏ ያልወጣ ወፍ፣ ዓይን የሌለው ፊት፣ አንድ እግሩ የጎደለ ፈረስ። አመልማል በመሐላቸው ስታልፍ ድንገት ቆመች። የራሷን እጅ አወቀችው። ሰባት ዓመት ሙሉ ከሰዓት ከሰዓት የፈታችው ስንዝር ሁሉ፣ አንዱም ሳይጎድል፣ በተርታ ተሰቅሎ ነበር። ቀረብ ብላ አየችው። ያምር ነበር። አንዱም መፈታት አልነበረበትም። በዚያ ሁሉ ፍርሃት መሐል ይህ ነገር አንጀቷን በላት።

የእቴ ማግዳ የሽመና ጉድጓድ በአዳራሹ መሐል ነበር። እንጨቱን ተከሉ፣ ድሩን ወጠሩ፤ አመልማል እግሯን ወደ ጉድጓዱ ሰደደች። ለመጨረስ የቀራት አራት ጣት ያህል ነው። ጎንጤ ካራውን አጠገቧ አኑሮ፣ ጦሩን ይዞ በሩ ላይ ቆመ፣ ሽታዬ እንዝርቷን አውጥታ አጠገቧ ተቀመጠች። መወርወሪያው አንዴ ሄደ፣ አንዴ ተመለሰ። በሦስተኛው ላይ ብርሃኑ ደበዘዘ።

ብሊቱ ድምፅ አልነበራትም። በፈረሰው ጣሪያ ገባች፤ ክንፏ ሲታጠፍ የተሰቀሉት ሸማዎች ሁሉ ተወዛወዙ። ዓይኗ እንደ ጥቁር ማሰሮ ክብ ነው፤ በውስጡ አመልማል የማታውቃቸው ብዙ ፊቶች ይታዩ ነበር። ትቢያው ይዘንብ ጀመር። ጎንጤ ደረቱን ነፋና ጦሩን ሰብቆ ጮኸ።

«እኔ ጎንጤ! የአሰጉ ልጅ፣ የ... እኔ የ...»

ቆመ። ዙሪያውን አየ። «እኔ የማን ነኝ?» ብሎ በለሆሳስ ጠየቀ። ጦሩ ከእጁ ወደቀ፤ ነገር ግን ከበሩ አልተነሳም። ለምን እዚያ እንደቆመ ሳያውቅ ቆመ።

የአመልማል ፍቅር በሸማው ውስጥ ተሸምኖ ስለነበር ትቢያው በእሷ ላይ አልሠራም። የነካው ማግ ግን እየበሰበሰ ይበጠስ ጀመር፤ ሽታዬም አዲስ ክር በፍጥነት እየፈተለች ታቀብላታለች። ስታቀብልም አመልማል፣ አመልማል እያለች ስሟን ትጠራላታለች። ከዚያ መጥራቱን ተወችው። አመልማል ዞር ብላ ስታያት ሽታዬ እንዝርቱን ምንነቱን እንደማያውቅ ሰው ትኩር ብላ እያየችው ነበር። እጇ ግን አልረሳም፤ እየፈተለ ነው፣ ክሩም እየመጣ ነው። አመልማል ወረወረች፣ መታች፣ ረገጠች፣ ወረወረች።

ያን ጊዜ ብሊቱ ተናገረች። የተናገረችውም በአመልማል በራሷ ድምፅ ነው።

«ገና ነው» አለች በቀስታ። «እስቲ እዪው፣ የመጨረሻው ቅጠል ጫፉ ደንዝዟል። ለእናትሽ እንዲህ ያለውን ትሰጫለሽ? ፍቺው። ቀን አለሽ። እኔ እጠብቅሻለሁ።»

የአመልማል እጅ ሳታዘው ወደ ክሩ ሄደ። አንድ ክር ፈታ፣ ሁለት ፈታ። ብሊቱ ረጅም ምላሷን ዘርግታ የተፈታውን ላሰችው፤ በዚያች ቅጽበት አመልማል የእናቷ ሳቅ እንዴት እንደነበር ጠፋባት። አሁን ብትፈታ ብሊቱ ትወስደዋለች፤ ብትቋጨውም ይሄዳል። ልዩነቱ እናቷ ነች። ብትቋጨው እናቷ ትተርፋለች።

ቅጠሉን አየችው። ብሊቱ አልዋሸችም፤ ደንዝዟል።

«አዎ፣ ደንዝዟል» አለች፣ መወርወሪያዋንም ወረወረች።

የመጨረሻዋን ማግ መትታ የጎንጤን ካራ አንስታ ድሩን ቆረጠችው። የተቆረጠውን ነጠላ በሁለት እጇ ዘርግታ፣ ዓይኗን ጨፍና፣ ከጉድጓዱ ዘላ በብሊቱ ራስ ላይ ጣለችው። ነጠላው ሦስት ክንድ ብቻ ነው፣ ብሊቱ ቤት ታክላለች፤ ክንፏን አንዴ ብታራግብ በገደሉ ትጥላት ነበር። አመልማል ግን የጫፉን ክር ይዛ፣ ጠምዝዛ፣ የመጀመሪያዋን ቋጠሮ አሰረች። ብሊቱ አነሰች። የበርበሬውም ቀይ ከአመልማል ልብ ወጣ።

ሁለተኛዋን አሰረች፤ በደጃፉ ያለችው ወይራ ሄደች። ሦስተኛዋን አሰረች፤ የቤቱ በር ወደ የት እንደሚዞር ጠፋባት። በእያንዳንዱ ቋጠሮ ብሊቱ እያነሰች፣ ክንፏም ከሥሩ እየተርገበገበ «ገና ነው፣ ገና ነው» ትላለች። የእናቷ አካሄድ ሄደ። ቅንድቧ ሄደ። ትኩሳት ይዟት ሳለ ግንባሯን የዳሰሳት እጅ ሄደ። አመልማል ታለቅስ ነበር፤ ወደ መጨረሻው ላይ ግን ለማን እንደምታለቅስ አላወቀችም። አንዲት ቋጠሮ ስትቀር በልቧ ውስጥ አንድ ነገር ብቻ ቀርቶ ነበር፤ ዋንጫ ይዛ የቆመች አንዲት አሮጊት። ማን እንደሆነች ጠፍቷታል። የምታሳሳ ሰው እንደነበረች ብቻ ገባት። እሷንም አንድ ጊዜ ደህና አድርጋ አየቻትና የመጨረሻዋን ቋጠሮ አሰረች።

«ከእጄ ወጥቷል» አለች።

ከነጠላው ሥር የነበረው እንቅስቃሴ ቆመ። ገልጣ ስታየው አውራ ጣት የምታህል አንዲት ደረቅ ብል ወለሉ ላይ ነበረች። ከፈረሰው ጣሪያ የገባው ፀሐይ ወርቃማ ሆነ፣ ከገደሉ ማዶ ያለው ሣር እየለመለመ ሄደ። በሩ ላይ የቆመው ጎንጤ በረጅሙ ተነፈሰና «የአሰጉ ልጅ፣ የበዛብህ የልጅ ልጅ!» ብሎ ያቋረጠውን ፉከራ ጨረሰ፤ ከዚያም እንደ ልጅ አለቀሰ። ሽታዬ እንዝርቷን ጥላ አመልማልን አቀፈቻት። ስሟን ጠራችላት። አመልማል ስሟን አወቀች፣ ሽታዬን አወቀች፣ ጎንጤን፣ ንጉሡን፣ ቤተ ሸማን ሁሉ አወቀች። ሽታዬ ስለ ሌላው ልትጠይቃት አፏን ከፈተችና ፈርታ ተወችው።

በአሥራ አንዱ መንደር ሰው በየስሙ ተጠራ። ምድረ ጃኖውን እመት ዘርፌ ራሳቸው በንጉሡ ፊት ቋጩት፤ ንጉሡም አመልማልን የቤተ ሸማ አለቃ እንድትሆን ለመሾም አዋጅ አስነገሩ። ይህ ሁሉ የሆነው ግን በኋላ ነው። ከዚያ በፊት ሦስቱ በመጡበት መንገድ ወደ ወይራምባ ተመለሱ። ነጠላው ለዳሳሽ የተሸመነ መሆኑን ለአመልማል የነገረቻት ሽታዬ ናት። ዳሳሽ ማን እንደሆነች ግን ልትነግራት አልደፈረችም።

ዳሳሽ ደጅ ቆማ ትጠብቅ ነበር። ራሷ ጠርቷል፤ በእነዚያ ቀናት ያለፈውን ሁሉ አንድ በአንድ አስታውሳለች፤ ልጇም ከሞት ምድር በእግሯ ስትመለስ እያየች ነው። እጇን ዘርግታ ልትሮጥ ስትል አመልማል ከበቅሎዋ ወረደች፣ የለበሰችውን ነጠላ መስቀልያ አጣፋች፣ ከወገቧ ዝቅ ብላ እጅ ነሳች። የሸመነችውንም በሁለት እጇ አቀረበች።

«እንደምን ዋሉ፣ እናቴ» አለች። «ይህ ለእርስዎ የተሸመነ ነው አሉኝ።»

በወይራምባ ልጅ እናቱን አንቺ ይላታል። እርስዎ የሚባለው ባዳ ነው። እናቴ ማለትም ቢሆን መንገደኛ ሁሉ ያገኛትን አሮጊት የሚጠራበት ነው። ጎንጤ መሬት መሬቱን አየ። ሽታዬ አፏን በእጇ ያዘች። ዳሳሽ የተዘረጋው እጇ በአየር ላይ ቀረ፤ ከዚያ ነጠላውን ተቀበለ። ዘረጋችው። የበርበሬውን ቀይ አየች፣ ወይራውን አየች፣ ጫፉ የደነዘዘውን ቅጠል በአውራ ጣቷ ዳሰሰችው። በዚያ ሸማ ውስጥ ያለችው እሷ ራሷ እንደሆነች፣ ልጇም ምን ሰጥታ እንዳመጣችው ያን ጊዜ ገባት።

በፊቷ አላለቀሰችም። ነጠላውን ለበሰችውና ድምፅዋን አስተካከለች።

«ደህና ነኝ፣ ልጄ» አለች። «ፀሐዩ ከባድ ነው፤ ግቢ።»

አመልማል አመስግና ገባች፤ እንግዳ በሚቀመጥበት መደብ ላይም ጠርዙን ይዛ ተቀመጠች።